ለእማማ አትጠገብ የተላከ ምድጃ

ኦስተርሱንድ፣ ስዊድን
መስከረም 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተወደድሽው እህቴ ለሩሃማ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ከደጃፍሽ አይራቅ። አዲሱ ዓመት የጤናና የእርጋታ ዓመት ይሁንላችሁ። እኔ ስሙ ይክበርና ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንደ ሁልጊዜው ከእናቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጠሽ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ፣ ምንም ሳታስቀሪ አንብቢላት። ስልክ አይሰማትም፤ ወረቀት ሲነበብላት ግን እኔ ራሴ የገባሁ ይመስላታል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር።

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ? «ቤቱ ይበርደኛል» ብለሽ ያስጻፍሽውን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። የደጋውን የቡሌን ብርድ እያወቅኩት፣ ቤቱን ሳሠራልሽ ሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ ያስገጠምኩት የብረት ምድጃ አነሰ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን የምሠራበት መጋዘን የምድጃ መጋዘን ነው። ከአንድ አሮጌ ቤት የወጣ፣ በሩ መስታወት የሆነ ትልቅ የብረት ምድጃ አግኝቻለሁ። አንድ ጊዜ ማገዶ ከጎረሰ ስምንት ሰዓት ሳይጠፋ ይነዳል። ወደ አዲስ አበባ ዕቃ የሚልኩ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በኮንቴይነራቸው እናስገባልሃለን ብለውኛል።

ሩሃሚ፣ ትንሹን ምድጃ የያዘውን የግድግዳ አፍ ለክተሽ ላኪልኝ፤ ወርዱን፣ ቁመቱን፣ ወደ ውስጥ የሚገባውን። ሦስቱን ብቻ። ለገና እኔው መጥቼ እገጥመዋለሁ። «ሦስት ወር ብቻ እናቴን ያዥልኝ» ብዬሽ ስምንት ወር እንደሆነሽ አልረሳሁም። እናቶቻችን የእህትማማች ልጆች ባይሆኑ ማን ይህን ያደርግልኝ ነበር? እስከ ገና ታገሺኝ።

ወንድምሽ ኃይለኢየሱስ


ቡሌ
ጥቅምት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ኃይለኢየሱስ፤

ባለህበት የአምላክ እጅ ይጋርድህ። ደብዳቤህ ዲላ ፖስታ ሣጥን ገብቶ፣ የሥራ ጓደኛዬ ማርቲ አውጥታ በቡሌ መኪና ላከችልኝ። ለእማማ ሦስት ጊዜ አነበብኩላቸው። በሦስተኛው «ለገና» ከምትለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝና «እሷን ድገሚያት» አሉኝ።

ልኩ ይኸው፤ ወርዱ ሰባ ሁለት ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ስልሳ፣ ወደ ውስጥ አርባ አምስት። በሲባጎ ለክቼ ሲባጎውን በማስመሪያ ለካሁት።

ስለ ትንሹ ምድጃ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ከክንድ ያጠረ ፍልጥ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ አመድ ይሆናል። ስለዚህ ከቤት የምወጣው ሰዓት አይቼ ነው። እሁድ መዝሙሩን ዘምሬ ስብከቱ ሲጀመር እመለሳለሁ። ገበያ ሄጄ ሽንኩርት ከገዛሁ ለቲማቲም ጊዜ የለኝም። ባለፈው ማክሰኞ የአጥር ጎረቤታችን ሸዋነሽ መንገድ ላይ ይዛኝ ስታወራኝ ቆየሁ፤ ስመለስ እሳቱ ጠፍቷል፤ እማማ ከጋቢያቸው ሥር ሆነው «ረሳሽኝ?» አሉኝ።

ዲላ የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ያለ ደመወዝ የወሰድኩትን ፈቃድ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አራዝሞልኛል። ከዚያ በኋላ አይሆንም ብለውኛል። ስለዚህ የምትመጣበትን ቀን ቁርጡን ጻፍልኝ።

እማማ አሁን አጠገቤ ናቸው። «ምን እያልሽው ነው?» ይሉኛል። ስለ ማገዶ ነው አልኳቸው። «ብርዱን ንገሪው፤ በደንብ አድርገሽ ንገሪው» አሉ።

እህትህ ሩሃማ


ኦስተርሱንድ
ታኅሣሥ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሩሃማና ለእናቴ፤

የሰላም አለቃ ቤታችሁን ይሙላው። ሳልጽፍ መቆየቴን በሥራ ብዛት ቁጠሩልኝ።

ልኩ ደርሶኛል። የምድጃው ወርድ ስልሳ ስምንት ስለሆነ ልክክ ብሎ ይገባል። እማዬ፣ ብታዪው! ጥቁር ነው፤ ክብደቱ መቶ ስልሳ ኪሎ። በመስታወቱ እሳቱን ተኝተሽ ታዪዋለሽ፤ ጭስ የሚባል ወደ ቤት አይገባም። በየቀኑ ወደ ሥራ ስገባ አቧራውን እጠርግለታለሁ።

ኮንቴይነሩ ግን ዘገየ፤ ጭነቱ አልሞላም አሉ። ስለዚህ ለገና አልደርስም። ፋሲካ ላይ ይሆናል። ሩሃሚ፣ የጭስ ማውጫው ቱቦ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ግንበኛ አስለክተሽ ጻፊልኝ፤ ይህኛው ሃያ ይፈልጋል። ባሕር ዛፉንም ከአሁኑ አስፈልጪ፤ ከዝናቡ በፊት ይድረቅ። እርጥብ እንጨት ጭስ ማውጫ ይደፍናል። ይህ ምድጃ ከገባ በኋላ እንደ ልብሽ ትወጪያለሽ፤ ስብከቱንም ጨርሰሽ ትመጪያለሽ። የቀኑን ነገር ቲኬት ስቆርጥ እጽፍልሻለሁ።

የእናቴን ፎቶ ላኪልኝ፤ ተቀምጣ እንጂ ተኝታ ያልሆነ።

ኃይለኢየሱስ


ቡሌ
ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ኃይለኢየሱስ፤

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ በምሕረቱ አለን። እማማ የገና ዕለት በር በሩን ሲያዩ ዋሉ። ዶሮ ሠርቼ ነበር፤ ለሁለት ሰው ዶሮ ብዙ ነው። ደብዳቤህ የደረሰን በጥምቀት ማግስት ነው። «ፋሲካ ሩቅ አይደለም» አሉ።

ቤትህን የሠራው ግንበኛ ታረቀኝ መጥቶ አየው። የጌዴኦ ልጅ ነው፤ ታውቀዋለህ፤ ንግግር አያበዛም። ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ መታ መታ አድርጎ፣ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠና «ይቺ ግርግዳ ከተነካች ቤቷ ራሷ ትነካለች» አለ። ቱቦው አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው። ሃያ ካስፈለገ እስከ ጣሪያው ይፈረሳል ማለት ነው። «ትንሹ ምን ሆነ?» ብሎ ሲጠይቀኝ እማማ ከመኝታ ቤት ሆነው «ይበርዳል!» ብለው ጮኹ።

እውነትም ዘንድሮ የጠዋቱ ውርጭ የእንሰቱን ቅጠል አቃጥሎታል። የጓሮውን ባሕር ዛፍ አስፈልጫለሁ። ፍልጡ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ተቆልሎ መስኮቱን እስከ ግማሽ ሸፈነው፤ ቤቱ ጨለማ ሆኗል። ፎቶው በዚህ ውስጥ አለ። ተቀምጣ ያልከውን ለአንድ ደቂቃ ያህል ነው የቻሉት።

ሩሃማ

ጋሼ፣ ይህችን ትንሽ የወረቀት ቅጠል ለእማማ አላነበብኳትም፤ አጥፌ ትልቁ ወረቀት ውስጥ ከትቻታለሁ።

የሥራ ቦታዬ ተይዟል። በቀጠሮዬ አልተመለስኩም፤ ማስታወቂያ አወጡ፤ ሰው ቀጠሩ። ማንንም አልከስም። አንድ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ እስከ መኪና ተራው ሄድኩ። እማማን ተኝተው ነው የተውኳቸው። መኪናው ሊሞላ ሁለት ሰው ሲቀረው ሰዓቴን አየሁ፤ ማገዶ የሚጨመርበት ሰዓት ደርሷል። እግሬ ራሱ አወረደኝ። ቤት ስደርስ እማማ አልነቁም ነበር፤ መሄዴንም መመለሴንም አላወቁም። ከዚያ ወዲህ ሻንጣውን ሳየው ያፍነኛል፤ አልጋ ሥር ከትቼዋለሁ።

በስልክ ስጽፍልህ ስለ እማማ ጤና ብቻ ትመልሳለህ፤ ስደውል አታነሳም። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? እንደዚህች ባለች ለብቻዋ በሆነች ቅጠል መልስልኝ።


ኦስተርሱንድ
መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእናቴና ለእህቴ፤

ጸጋው ይብዛላችሁ። የምሥራች! ምድጃው ተጫነ። አምስት ሆነን ነው ሣጥኑ ውስጥ ያስገባነው። ግንቦት ላይ ቡሌ ይደርሳል። ሥራ ስለበዛብኝ ፋሲካን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ታረቀኝ ጎበዝ ነው፤ የቱቦውን ማጥበቢያ አብሬ ልኬለታለሁ፤ እሱ ይገጥመዋል፤ እኔ ስመጣ እሳቱ ዳር እቀመጣለሁ። እማዬ፣ ፎቶሽን ከአልጋዬ ራስጌ ሰቅዬዋለሁ። ወፍራም ካልሲ ከምድጃው ጋር አለልሽ።

ልጅሽ ኃይለኢየሱስ

ሩሃማ፤ አልመጣም።

መኖሪያ ፈቃዴ ሳይታደስ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ይግባኝ ብዬ እየጠበቅኩ ነው። ከዚህ ከወጣሁ ተመልሼ አልገባም፤ ካልወጣሁ እናቴን አላያትም። አባቴ ሲሞት የቀረሁትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሥራ ነው ብዬ ዋሽቻችኋለሁ። መጋዘኑ ውስጥ የምሠራው በባለቤቱ ቸርነት ነው። የማናውቀው ሰው ሲመጣ በኋላ በር እወጣና ማገዶው ቁልል ጀርባ እቆማለሁ፤ አንዳንዴ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ሁለት። የምኖረውም እዚያው ከመጋዘኑ በላይ ነው። ስልክ የማላነሳው ድምፄ ስለሚያጋልጠኝ ነው። በወረቀት መዋሸት ይቀላል።

ለእናቴ እንዳትነግሪያት፤ ትሞትብኛለች። ምድጃው ግን ይመጣል፤ እሱን አትሄድም የሚለው የለም። አንቺ ከሄድሽ የሚያነብላት ሰው የለም። ሥራሽን እንዳሳጣሁሽ አውቃለሁ፤ አውቄም ደግሜ እለምንሻለሁ። እስከ ክረምት ብቻ።


ዲላ
ሰኔ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ኃይለኢየሱስ፤

አምላክ ስላተረፈን ይመስገን። በስልክ «ዲላ ነን፤ ደህና ነን» ብዬ ሁለት መስመር ልኬልህ ነበር። ዝርዝሩን በወረቀት ጻፊለት ያሉኝ እማማ ናቸው። ይህኛው ደብዳቤ የተደበቀ ቅጠል የለበትም፤ እያንዳንዱን መስመር እያነበብኩላቸው ነው የምጽፈው።

ምድጃው ግንቦት 21 በአይሱዙ ደረሰ። ዝናቡ መንገዱን ስላበላሸው መኪናው ደጃችን ድረስ አልወጣም፤ ስምንት ሰው በቀርከሃ ተሸክሞ አስገባው። ሣጥኑን ሳሎንና መኝታ ቤቱን በሚያገናኘው ኮሪደር ላይ አሳረፉት። ታረቀኝ በማግስቱ ትንሹን ምድጃ ነቅሎ አወጣ። ከዚያ የአዲሱን ልክ ይዞ ወደ ግድግዳው አፍ ሲገባ መዶሻውን መሬት አስቀመጠ። «ምነው?» አልኩት። «ፊቷ ሰባ ሁለት ነች፤ ኋላዋ ስልሳ ነች» አለኝ። ድንጋዩ ወደ ውስጥ እየጠበበ ነው የሚሄደው። አንተ ሦስት ልክ ብቻ ነበር የጠየቅከኝ፤ እኔም የኋላውን መለካት አላሰብኩም።

ጎኑን ሲፈነቅል ከላይ ያለው ትልቁ ድንጋይ ተሰነጠቀ። ታረቀኝ በእንጨት ደገፈውና ሌላ ድንጋይ እስኪመጣ አትንኩት ብሎ ሄደ። ዝናቡ መንገዱን ዘጋ፤ ድንጋዩ አልመጣም። አሥራ አራት ቀን ግድግዳችን በሸራ ተሸፍኖ ቆየ። ጉሙ ሳሎን ውስጥ ይገባ ነበር። ሁለታችንም መኝታ ቤት ገባን። ከዚያ ለመውጣት በሣጥኑና በግድግዳው መካከል በጎን መሹለክ ነበረብኝ፤ እማማ ግን ጭራሽ ማለፍ አይችሉም። ሽንት ቤት እንኳ በባልዲ ሆነ።

ሰኔ 6፣ ከሰዓት በኋላ፣ እማማ እጃቸው በረዶ ሆነ። ከሸዋነሽ የከሰል ማንደጃ ተውሼ አቀጣጠልኩ፤ ነበልባሉ እስኪጠፋ ደጅ አቆይቼ ፍሙን አስገባሁት። እንደዚያ ከተደረገ ችግር የለውም ሲባል ነው የሰማሁት። መስኮቱን ዘጋሁ፤ በበሩ ሥር ነፋስ እንዳይገባ ነጠላ ጠቀጠቅኩ። እማማ «አሁን ደስ አለኝ» አሉ። ራሴን ሲያመኝ ድካም መሰለኝ። ተነስቼ በሩን ልክፈት ብዬ ማሰቤን አስታውሳለሁ፤ መነሳቴን ግን አላስታውስም።

ሸዋነሽ ማንደጃዋን ልትወስድ መጥታ ብትጠራ የሚመልስ አጣች። በኮሪደሩ ልታልፍ ሞከረች፤ እሷ ወፍራም ናት፤ ሣጥኑ አላሳለፋትም። ዞራ የመኝታ ቤቱን መስኮት በፍልጥ ሰበረችና ጮኸች። ታረቀኝና የመንደሩ ሰዎች እማማን በመስኮት፣ በጋቢ ጠቅልለው አወጧቸው። እኔን ከኋላ ጎተቱኝ። ጭቃው ላይ ነው የነቃሁት፤ ዝናብ ፊቴ ላይ ይወርድ ነበር።

ዲላ ሐኪም ቤት ስድስት ቀን ተኛን። በሦስተኛው ቀን እማማ የአፍንጫቸው ቱቦ ሲወጣላቸው «ሩሃማ፣ ኃይሌ አይመጣም አይደል?» አሉኝ።

አንሶላቸውን ወደ ላይ ሳብኩላቸው።

«ያቺን ትንሽ ቅጠል ስታጥፊ አይቼሻለሁ» አሉ። «አባቱ ሲሞት ያልመጣ ልጅ ለምድጃ ይመጣል ብዬ እንዴት አስባለሁ?»

«ታዲያ ለምን ‹ይበርደኛል› ይሉት ነበር?»

«ይበርደኛል ስለው ይጽፍልኛላ! ደህና ነኝ ስለው አምስት ወር ዝም ይላል።»

ጋሼ፣ በዚያች ሰዓት ሁለታችሁንም ጠላኋችሁ። ልደብቅህ አልፈልግም። አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሰዓት እየቆጠርኩ እንጨት ስማግድ፣ እሳቸው አንተን ላለማጣት ይበርደኛል ይላሉ፤ አንተ በመምጣት ፈንታ ብረት ትልካለህ፤ እኔ መሃል ላይ ነኝ። ከክፍሉ ወጥቼ በረንዳው ላይ አለቀስኩ። ስመለስ እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። «ብትሄጂ አልፈርድብሽም» አሉኝ።

አልሄድኩም። ማርቲ በተከራየችው ግቢ አንዲት ክፍል አገኘሁና እዚያ ይዣቸው ገባሁ። ዲላ ሙቀት ስለሆነ ማገዶ አያስፈልግም። ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ፤ የይግባኙንም፣ የኋላ በሩንም። እንዳትነግሪያት ያልከኝን አፈረስኩ። አልሞቱም። ከአሁን በኋላ ለእሳቸው የምትጽፈውን ለራሳቸው ጻፍ፤ እኔ አንባቢ እንጂ ደባቂ አልሆንም።

ሩሃማ


ኦስተርሱንድ
ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእናቴ ለወይዘሮ አትጠገብ፤

እማዬ፣ ከሞት የመለሰሽ ጌታ ይመስገን። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ይህን ወረቀት አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ልመጣ አልችልም። መቼ እንደምችልም አላውቅም። ይግባኙ ባለፈው ሳምንት ውድቅ ሆነ፤ አንድ ዕድል ቀርቷል ይላሉ፤ እሱም ዓመት ይፈጃል። የመጋዘኑ ባለቤት ደግ ሰው ነው፤ ግን ፈርቷል። «ሂድ ወይም ቆይ፤ ብቻ ወስን» አለኝ። መወሰን አቃተኝ። ወደ አንቺ ለመምጣት ጓዜን እጠቀልልና እፈታዋለሁ። አሥራ አራት ዓመት ቆይቼ የምይዘው ነገር ሲጠፋኝ እፈታዋለሁ።

የሩሃማን ደብዳቤ ያነበብኩት ሥራ ላይ ነው። በዙሪያዬ አርባ ምድጃ አለ። ለምናውቀው ገዢ ሁሉ «መስኮት ክፈት፣ ጭስ ማውጫውን አስጠርግ» እያልኩ የምመክር ሰው እናቴን በከሰል ልገድል ነበር። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የማላውቀው ደንበኛ መጥቶ አየኝ፤ ያን ቀን በኋላ በር አልወጣሁም።

ይበርደኛል ስትይኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይቅር በይኝ። የማደርግልሽ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር። ያ ምድጃ አይረባም፤ ለፈለገ ሰው ስጡት።

ሩሃማ፣ ለአንቺ የምለው ብዙ ነበር፤ አንዱም በቂ አይደለም። ሕይወትሽን በቀጠሮ ይዤብሻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ «እስከ ገና፣ እስከ ፋሲካ» አልልሽም። መሄድ ከፈለግሽ ሂጂ፤ እናቴን የሚይዝ ሰው ከዚህ ሆኜ እፈልጋለሁ።

ኃይለኢየሱስ


ዲላ
መስከረም 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኃይለኢየሱስ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሕይወት አደረሰህ።

የቡሌው ቤት ተቆልፏል። ታረቀኝ የግድግዳውን ቀዳዳ በድንጋይ ደፍኖታል። ምድጃው እዚያው ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ውሰዱት ብንል የሚሸከመው ጠፋ። እኔ ከዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ ለምሳ እመጣና እማማን አብልቼ እመለሳለሁ። ማርቲ አዋሳ ሥራ አለ ብላኝ ነበር። አልሄድኩም። ይህ ያንተ ዕዳ አይደለም፤ ስላልቻልኩ ነው። አንዳንድ ቀን ስለዚህ ያመኛል፤ አንዳንድ ቀን ይረሳኛል።

ደብዳቤህን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አነበብኩላቸው። ልመጣ አልችልም የምትለዋን አልፌ ልሄድ ስል «ቀስ በዪ» አሉኝ፤ ቀስ ብዬ አነበብኳት። እስከ መጨረሻው አላቋረጡኝም። ከጨረስኩ በኋላ ወረቀቱን ተቀብለው፣ ማንበብ ባይችሉም፣ ረጅም ጊዜ አዩት። የሚሉኝን ልጽፍ እስክሪብቶ ይዤ ጠበቅኩ። እኔ ስለ ይግባኙ ይጠይቃሉ፣ ወይም ና ይሉሃል ብዬ ነበር።

«ጻፊ» አሉኝ። «ምን ይበላል? ማን ነው የሚያበስልለት? ብቻውን ነው ወይስ አብሮት ማዕድ የሚቀርብ ሰው አለ?»

ይኸው ጽፌዋለሁ። መልሱን እየጠበቁ ነው።

ሩሃማ